ሀፍሷ ቁልፉን አልሰጥም ያለች ዕለት

ሀፍሷ እንድሪስ እንግሊዝኛ አታውቅም። አማርኛውንም ቢሆን መሠረተ ትምህርት ገብታ የለቀመችውን ያህል ነው፤ ጣቷን እያስከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። የፈረንጅ ፊደል መልኩንና ስሙን ግን ታውቀዋለች። ከወሎ መጥታ መርካቶ ከገባች በኋላ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ክፍለ ሀገር በሚጫን ጆንያ ላይ የሚራገፍበትን ከተማ የሚያሳይ ማርክ በፈረንጅ ፊደል በብሩሽ ስትጽፍ ኖራለች። አንዲት ፊደል ከተሳተች ደሴ የሚሄደው ዕቃ ጅማ ይራገፋል። የእሷ ጆንያ አንድም ቀን መንገድ ስቶ አያውቅም።

ወገቧ እምቢ ሲላት ዱባይ ተራ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጽዳት ገባች። የቀጠሯት ከቻይና ጫማ የሚያስመጡት ጋሼ ረዲ ናቸው። የኢንተርኔቱ ሳጥን፣ ራውተር የሚሉት፣ የተቆለፈበትን፣ ቢሯቸው በር ላይ ኮሪደሩ ውስጥ የቆመውን ካቢኔ ቁልፍም ለእሷ ሰጧት። አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትውላለች።

ጣጣው የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ዘበኞቹ ሌሊት ሌሊት ፊልም እያወረዱ አስቸገሩ። ጋሼ ረዲም ቴክኒሻኑን ዘውገን ጠርተው፣ ኢንተርኔቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ማታ አሥራ ሁለት ላይ በራሱ ይዘጋ አሉት። ዘውገ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኘ፤ ስክሪኑ ላይ በከፈተው ጥቁር መስኮት ነጭ ትእዛዝ መስመር በመስመር ጻፈለት፤ ሌላ ሥራ ነበረበትና እየሮጠ ሄደ።

በማግስቱ ልክ በቀኑ ስድስት ሰዓት ኢንተርኔቱ ጭጭ አለ። ጠዋት ሲገቡ አለ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን የለም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። የቻይናው ሰው የጫማ ናሙና ፎቶ የሚልከው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩን የሚወለውለው ማን ነው? ሀፍሷ። ዘውገ በስልክ፣ ገመዱን ሰው እየነካው ነው አለ። ጋሼ ረዲ ኮሪደሩ ላይ፣ ባለሱቁ ሁሉ በሚሰማበት፣ በመወልወያሽ ገመዱን እየጎተትሽ ሥራዬን ገደልሽው፣ ቁልፉን አምጪና ሂጂ አሏት።

ሀፍሷ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ የሚጠፋባት ሴት ናት። አንገቷን ደፍታ ትወርዳለች ብለው ነበር ሁሉም። እሷ ግን ቁልፉን ወደ ደረቷ ከተተችው።

«አልሰጥም» አለች። «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ሳጥኑ ሥር እቀመጣለሁ። እጄን እያያችሁት።»

«ታቅፈሽ ልታስፈለፍዪው ነው?» አለ በሽር፣ ጎረቤት ያለው የሻንጣ ባለሱቅ። ተሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ የፕላስቲክ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ፣ መወልወያውን ደረቁን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ኢንተርኔቱ ጠፋ። ማንም ምንም አልነካም። በሽርም አየ፤ ጋሼ ረዲም አዩ።

ጋሼ ረዲ ዘውገ ጋ ደወሉ። እሱ አብነት ሰፈር ሌላ ሥራ ላይ ነው። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ እሱ በሚላቸው መሠረት የቢሯቸውን ኮምፒውተር በገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኙ፤ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። መጀመሪያ ሳጥኑን ሰዓቱን አስጠየቃቸው፤ አሥራ ሁለት ከሰባት አለ። ቀጥሎ ያን ዕለት የጻፈለትን ትእዛዝ እንዲያሳይ አስደረገ። መስመሮቹ ወረዱ። ሀፍሷ ከትከሻቸው በላይ አየች። ቃሉን አታውቀውም፤ ቁጥሩን ግን ታውቀዋለች።

«ይኸ ሁለትና ይኸ አሥራ ሁለት ምንድነው?»

ዘውገ፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ነው አለ። ደግሞ ማናት እሷ አለ።

«ጽዳቷ ነኝ። ሳጥንህ አሁን አሥራ ሁለት ከሰባት ነው ይላል። የኛ የግድግዳ ሰዓት ስድስት ከሰባት ነው። በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥረውን በኛ ሰዓት ዝጋ አልከው፤ ዘጋ። እሱ ምን አጠፋ? እኔስ ምን አጠፋሁ?»

ዘውገ፣ ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አለ።

«ነገ የለም። አሁን ፊደል በፊደል ንገረኝ።»

ጋሼ ረዲ ከወንበሩ ተነሡላት።

እንደ ጆንያው ማርክ አድርጋ ጻፈችው፤ እያንዳንዷን ፊደል ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ተጭና። ዘውገ ሲቸኩል ቀስ በል ትለዋለች። መጀመሪያ አሮጌውን መስመር ከፊቱ «ኖ»፣ አይሁን የሚለውን ቃል፣ ጨምራ ሰረዘችው። ከዚያ አዲሱን ጻፈች፣ በፈረንጅ ሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ ስምንት። አንድ ቦታ ክፍተት ሳትተው ቀርታ ሳጥኑ አልቀበልም አላት። አልተነሣችም፤ ደግማ ጻፈችው፤ ተቀበላት። አለቀ አለ ዘውገ።

«መብራት ቢሄድስ ሳጥኑ ያስታውሰዋል?» አለች ሀፍሷ።

«ረስቼው» አለ ዘውገ። «ራይት ብለሽ ጻፊበት፣ ያኔ መዝግቦ ይይዘዋል፣ አይረሳም።»

ጻፈችበት። የጋሼ ረዲ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ የጫማ ፎቶ በላይ በላዩ ተደራርቦ መጣ። እሳቸውም ፎቶውን እያዩ፣ በቃ ሥራሽን ቀጥዪ አሉ።

«ያዋረዱኝ ኮሪደር ላይ ነው፣ ጋሼ። ኮሪደር ላይ ይንገሩልኝ።»

ጋሼ ረዲ ስልኩን አዩ፤ እሷን አዩ። ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም፤ ግን በሽር ሱቅ ድረስ ይሰማል። ገመዱን የነካችው ሀፍሷ አይደለችም፣ ጥፋቱ የኛው ነው አሉ።

ሀፍሷ ቁልፉን ከደረቷ አወጣች፤ ካቢኔውን ቆለፈች። መወልወያዋን ነክራ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም፣ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ወለወለችው። ሳጥኑ ሥር ስትደርስ ሁለት ጊዜ።