የገብረየስ ሰላት

ገብረየስ ካርቱም ከገባ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባሕሪ ሰፈር ካለው የውሃ ፋብሪካ ባለ ሃያ ሊትር ጠርሙስ እየጫነ እዚያው ከተማ ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ላሉት ቪላዎች ያድላል፣ ባዶውን ሰብስቦ ይመለሳል። ዝምተኛና ሐቀኛ ሰው ነው። ጉድ የሠራውም ያው ሐቀኝነቱ ነው።

ናፍጣ ጠፍቶ መኪና ሁሉ ማደያ በር ላይ በተኮለኮለበት ዓመት፣ ሙዲራቸው፣ ማለት አለቃቸው ሂሻም፣ ለሾፌሮቹ ስልክ አደለ። ስልኩ አጭሩን መንገድ ይመራል፤ ስንት ናፍጣ እንደተቃጠለ፣ ስንት ጭስ እንደወጣ ይመዘግባል። ደንበኛውም መኪናው የት እንደደረሰ በራሱ ስልክ እያየ ይጠብቃል፤ ቤት ዘግቶ ወጥቶ መኪናውን በከንቱ እንዳያመላልስ ነው። «ያላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃችን ከፋብሪካ እስከ ደጃፍ አየር ሳይበክል ይሄዳል» አለ ሂሻም። ደግ ሐሳብ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ሌሎቹ ስልኩን እያጠፉ ሲያጭበረብሩ ገብረየስ አንድ ቀን አልዋሸም። በቆመበት ሁሉ ሞተር ያጠፋል። በሁለተኛው ወር ከሁሉም ያነሰ ናፍጣ ያቃጠለው እሱ ሆነና ሂሻም በሰው ፊት አጨበጨበለት።

አንድ ምስጢር ግን ነበረው። ሙላቷ የምትባል የደሴ ልጅ ሪያድ፣ ሰልሰቢል የምትባል ሴትዮ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሴትዮዋ ፓስፖርቷን ቆልፋባት በኤሌክትሪክ ሽቦ ትገርፋታለች። አንድ ማክሰኞ ገብረየስ እዚያ ቤት ውሃ አውርዶ ፋብሪካ ሲመለስ ልጅቷን ባዶ ጠርሙሶቹ መሃል ተኝታ አገኛት። ምንም አልጠየቃትም። ሐበሻ የሚበዛበት ዴም ሰፈር ወስዶ ክፍል ተከራየላትና ደበቃት። አገር ቤት የሚያስገባት ወረቀት እስኪወጣላት አንድ ወር ከበር ውልፍት እንዳትል፣ እሳትም እንዳታነድ ነገራት። ምሳዋን ቀትር ላይ የሚያደርስላት እሱ ሆነ።

ታዲያ ከመንገድ ወጥቶ በቆመ ቁጥር ስልኩ ምክንያት ይጠይቃል፦ ጎማ፣ ነዳጅ፣ ሰላት። ጎማ ቢል ሂሻም ጎማውን ያያል። ሱዳናውያኑ ሾፌሮች ቀትር ላይ የሚነኩት ሰላትን ነው፤ ሰላትን ማንም ለምን አይልም። ገብረየስም ሰላትን ነካ። የመጀመሪያ ውሸቱ ነበር፤ እንዲያውም በብልጠቱ ትንሽ ኮራ። ምነው ያን ቀን ጣቱን በሰበረው!

ሰልሰቢል አንድ ረቡዕ ውሃዋን ስትጠብቅ ስልኳን ከፈተች። መኪናው ዴም፣ አንዲት ጠባብ ቅያስ ውስጥ ቆሟል። ከሥሩ «ሾፌሩ ሰላት ላይ ነው» ይላል። የገብረየስን አንገት ታውቀዋለች፤ ማተቡን ከነመስቀሉ ስድስት ዓመት ደጃፏ ላይ አይታዋለች። ክፉ ናት እንጂ ቂል አይደለችም። በማግስቱም ውሃ አዘዘችና ተመለከተች፦ እዚያው ቅያስ፣ እዚያው ሰላት።

ቅዳሜ ገብረየስ ምሳውን በፌስታል ይዞ ሲደርስ በሩ ተገንጥሏል። አንዲት ሴትዮ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጥታ ልጅቷን በፀጉሯ እየጎተተች እንደወሰደቻት ጎረቤት ነገረው። ወረቀቷ ሊደርስ አራት ቀን ነበር የቀረው። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ለምን እንደቆመ ጠየቀው። ያኔ ገባው። እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ።

ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ የመኖሪያ ፈቃዱ በፋብሪካው ስም ነው። ሰኞ ስልኩ ወደ ሪያድ መራው፤ ሰልሰቢል ቤት፣ ሦስት ጠርሙስ። የከፈተችለት ሙላቷ ናት። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል።

«ሙላቷ፣ እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እኔ አይደለሁም» አለ።

ልጅቷ ባዶዎቹን አንድ በአንድ አቀበለችው።

«ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ» አለች። «መንገዱን በየቀኑ ያሳየኝ ሾፌሩ ነው አለችኝ።» በደህናው ዓይኗ ትክ ብላ አየችው። «ዛሬስ ማንን ልታስይዝ መጣህ፣ ጋሼ?»

መልስ ሳትጠብቅ በሩን ዘጋችው።