እግር የተፈቀደበት ገና

ልጅ ሳለሁ፣ ጥርስ ሳላበቅል መልስ መስጠት ጀመርኩ እያሉ ይተርቡኝ ነበር። ውሸታቸውን አይደለም። ዛሬ ጥርሱ ሄዶ መልሱ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ቢሆን አንድ ነገር ሲነሳብኝ እውጠዋለሁ። ያ አንድ ነገር የገና ጨዋታ ነው። ዘንድሮ በልደት ዕለት የልጅ ልጄ ላቡን ሳይጠርግ ከሜዳ ገብቶ የገና ዱላውን በሩ ሥር ሲያስደግፍ፣ በእሳት የተለበለበው የወይራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮውን ስዞር፣ አጥሩን ስነካካ፣ ያልታመመች ላም ስመረምር ቆየሁ። እናንተ የኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ሰው በስተርጅናም መቀመጫ የሚያጣበት ቀን አለ።

ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ቤታችን ተቃጠለ። እናቴም እኔን አስከትላ ወንዙን ተሻገረችና ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ወደ ወላጆቿ መንደር መጣን። ከወንዙ ወዲያ ያለው የአባቴ አገር «ማዶ» ይባል ነበር፤ አርበኛው ያለው እዚያ ነው። ከወንዙ ወዲህ ደግሞ ጉብታው ላይ የጣልያን ምሽግ አለ። ምሽጉን የሚጠብቁት ባንዶች ነበሩ፤ አለቃቸውን ሹምባሹ እንለዋለን፣ እሱም እነሱም የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ከማዶ ማንም ወንድ እንዳይሻገር ታዟል። ተሻግሮ የተገኘ ይረሸናል፣ ያስጠጋው መንደር ይቃጠላል። ይህን ሕፃን አዋቂው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማወቅና አፍን መያዝ ግን ለየቅል ናቸው።

ያ ወንዝ በበጋ ከጉልበት አያልፍም ነበር። የወዲያና የወዲህ ገና ግን ጭራሽ አይገናኝም። በማዶ ሩሯን፣ ያቺን በቆዳ የተጠቀለለች ኳስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሯትና በዱላ ጭረው ሲያወጧት ጨዋታው ይጀመራል። ወዲህ ሽማግሌ ወደ ላይ ይወረውራታል። የማዶ ግብ ወንዙ ነው፤ የወዲህ ግብ በሜዳው ጫፍና ጫፍ የቆሙት ሁለት ሾላዎች ናቸው። በማዶ የተሸነፈ በማግሥቱ ጠላ ይጋብዛል፣ ተጠጣ፣ አለቀ። ወዲህ ግን የተሸነፈ እስከ ጥምቀት ሲሰደብ ይከርማል፣ የገዛ ሚስቱ ሳትቀር ግጥም ታወጣበታለች። ትልቁ ጠብ ግን እግር ነበር። በማዶ የምትንከባለለውን ሩር በእግር ገትቶ በዱላ መምታት የጎበዝ ሥራ ነው። ወዲህ ነውር ነው። ሩር እግር ከነካች ሰዉ «እግር! እግር!» ብሎ ይጮሃል፣ ሩሯ ለሌላው ወገን ትሰጣለች፣ የነካውም ቅልጥሙ ላይ ዱላ ይቀምሳል።

የወዲህ ገና ዳኛ የእናቴ አጎት አያ ቢተው ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ለሕግ የሚሞቱ ሰው። ከሳቸው ጋር ዓመቱን ሙሉ በዚህ ነገር ተጨቃጨቅን፤ በአውድማ፣ በምንጭ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር።

«አያ ቢተው፣ እግዜር እግር የሰጠን ለጌጥ ነው?» እላቸዋለሁ።

«ለመሮጫ ነው፣ አንቺ አፈ ጮሌ። ሩር በእግር የሚነካ አህያ ነው።»

«አባቴ አህያ ነው እንግዲያ?»

ይህን ጊዜ ጎንበስ ብለው የማያስፈልጋቸውን ጭድ ያነሳሉ። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ እየዘለልኩ እሄዳለሁ። አሁን ሳስበው፣ የማዶ ነገር ሁሉ ነዶ በእጄ የቀረኝ ያ ሕግ ብቻ ነበር። እሱንም ቢወስዱብኝ ምን ይዤ ልቀር ነው?

የዚያን ዓመት ገና ሊከለከል ነበር። ያን ሁሉ ዱላ የያዘ ወንድ ባንድ ሜዳ ተሰብስቦ ማየት ለጣልያን አይጥመውም። አያ ቢተው ምሽጉ ድረስ ሄደው ዋስ ሆነው አስፈቀዱ። ሹምባሹ ባንዶቹን ይዞ ሜዳው ዳር ሊቀመጥ፣ ተመልካቹም አንድ በአንድ ፊቱ እየታየ ሊገባ ተስማሙ። ተጫዋቹን ለመፈተሽ ማንም አላሰበም። እዚያ አቧራ ውስጥ የሚራወጠውን ማን ከማን ይለየዋል?

እናቴ ከዋዜማው ጀምሮ መቀመጥ አልቻለችም። ያጠበችውን ቀሚሴን ደግማ አጠበችው። ፀጉሬን ሠርታ ፈታችው፣ ፈትታ ሠራችው። ሜዳ ስንወርድም «ከፊት ነው የምንቀመጠው» አለችኝ፣ ከፊት ተቀምጣ የማታውቅ ሴት።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» ብላት፣

«አፍሽን ዝጊና ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ብቻ ነው መልሷ።

የሷ ነገር ወደኔ ተጋባ። እጄን ስቀመጥበት እግሬ መሬት ይጭራል፣ እግሬን ጥርቅም አድርጌ ስይዝ እጄ ሣር ይነጫል። ሹምባሹን አያለሁ፣ ጠመንጃውን አያለሁ፣ መልሼ እናቴን አያለሁ። እሷ ሜዳውን ታያለች።

ጨዋታው የመንደሩ ላይ ቤትና ታች ቤት ነበር። የታጨደ ማሳ ሽታ፣ የደረቀ እበት፣ የላብ፣ የሞራ፤ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ጆሮ ይበጥሳል። ከታች ቤት ወገን ራሱን የተላጨ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያሰረ አንድ ሰው ነበር። አላወቅሁትም። የማውቃቸው አርበኞች ሁሉ ጎፈሬያቸውን ያሳደጉ ናቸው፤ አባቴም «አገሬ ነፃ ሳይወጣ ምላጭ ራሴን አይነካም» ብሎ ሲምል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የተላጨ ራስ ለኔ የማንም ራስ ነበር።

ሩሯ አፈትልካ ወደኛ መጣች። ያ ሰው ተከትሏት እየሮጠ መጣና እፊታችን ሲደርስ ቀና ብሎ አየን። እኛን ሲያይ ሩሯ ልታልፈው ሆነ። እግሩ ሳያስብበት ተዘረጋና ገታት።

«እግር! እግር!» ላይ ቤት በሙሉ ጮኸ። አንዱ ዱላውን አነሳበት።

ደሜ ፈላ። ዓመት ሙሉ የተሟገትኩለት ነገር እዓይኔ ሥር ነውር ሲባል! እመር ብዬ ተነሳሁና ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ «ተዉት! በማዶ ይፈቀዳል! የማዶ ሰው እንዲህ ነው የሚጫወተው!» አልኩ።

የእናቴ ጥፍር ጭኔ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ያኔ ነው ዝቅ ብዬ ሩሯ ላይ ያረፈውን እግር ያየሁት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ማረሻ የቆረጠው፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠባሳ አለበት። ቤት ሳለን አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ሁልጊዜ የማጥበው፣ አጥቤም ስጨርስ የምስመው እግር ነበር።

«አብዬ» ልል አፌን ከፈትኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለኝ። ምነው ቀደም ብሎ እምቢ ባለኝ!

ሹምባሹ ተነስቶ ጠመንጃውን አቀባበለ። «ማነው የማዶ ሰው?»

አያ ቢተው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ቀስ ብለው ወደ መሐል ገቡ። የቸኮሉ አይመስሉም።

«የማዶ ሰው እሷ ናት፣ ጌታው» አሉ በጣታቸው እኔን እያሳዩ። «የወንድሜ የልጅ ልጅ። ካገሯ ወሬ በቀር ሌላ አታውቅም፣ ዓመቱን ሙሉ ጆሮዬን በላችው። በእግር መግታት የነሱ አገር ብቻ ይመስላታል።»

«እዚህም ይፈቀዳል?»

«ምን ነካዎት! ድሮም የተፈቀደ ነው።»

«ታዲያ ሰዉ ለምን ጮኸ?»

«ላይ ቤት ሊሸነፍ ሲል መጮህ ልማዱ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ይቀመጡልኝ።»

ይህን ብለው ከአባቴ እግር ሥር ሩሯን በዱላቸው ሳብ አደረጓት፣ ወደፊት አንከባለሏት፣ ተከትለው ሄደው በገዛ እግራቸው ረገጧት። አያ ቢተው! ከዚያ ዞረው ላይ ቤቶችን ተራ በተራ አዩና ሩሯን መቱላቸው። «እግር!» ብሎ የጮኸ የለም። ሩሯ የደረሰችው መጀመሪያ ዱላውን ያነሳው ሰው ዘንድ ነበር። እሱም አያት፣ እግሩን አውጥቶ ገታት። ቀጥሎ ሌላው። ቀጥሎ ሌላው። አልለመዱትማ፣ አንዱ ረግጧት ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ፣ ሌላው የራሱን ጣት በዱላ ቀጠቀጠና «ውይ እናቴ!» አለ። ተመልካቹ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ የፍርሃት ሳቅ ነበር፣ ኋላ ግን የእውነት ሆነ። ሹምባሹ የያንዳንዱን እግር ሲከታተል፣ ሲከታተል ቆይቶ እሱም ሳቀና ተቀመጠ። እኔ ልሳቅ ላልቅስ ጠፋኝ። ዓይኔ ከዚያ ጠባሳ አልተነቀለም። ሩሯ ወደ ታችኛው ሾላ፣ ወደ ወንዙ ቁጥቋጦ ስትሄድ ወንዱ ሁሉ ግር ብሎ ተከተላት። አቧራው ሲያርፍና ሲመለሱ የተላጨው ሰው አብሯቸው የለም።

ቤት ስንገባ ዱላ ጠበቅሁ። እናቴ አልመታችኝም። ቅቤ ያደረበትን ፀጉሬን በሁለት እጇ ይዛ «ሊያይሽ ነው የመጣው። ያልነገርኩሽ ለአፍሽ ብዬ ነበር» አለችኝና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ ያን ጩኸቴን ልመልሰው እንደሞከርኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ምግብ ፊቴ ቀርቦ እነሳለሁ፣ ወንዙ ዳር እሄዳለሁ፣ ማዶውን አይቼ እመለሳለሁ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ክረምት ሳይገባ አባቴ መውደቁ ተሰማ። መቃብሩን አላየሁም። አያ ቢተው ለቅሶው ላይ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ የገና ዕለት አባቴን እስከ ወንዙ መሻገሪያ መልካ ድረስ የሸኙት እሳቸው ነበሩ።

«ያን ቀን ተቀይሞኝ ነው የሄደው?» አልኳቸው።

«ውሃው መሐል ቆሞ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነው የተለየሁት። ‹ልጄ የማዶን ሕግ አልረሳችም› አለኝ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «አህያ ያልኩትን ተይው፣ አጉል አፍ ነው» አሉኝ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እግር እንደገና ይከልከል አሉ። አያ ቢተው «ሹምባሹ ተመልሶ ቢመጣ ውሸታም ሊለኝ ነው?» ብለው እምቢ አሉ፤ እስኪሞቱም ማንም አላስቀየራቸውም። የሚያውቁት አንድ በአንድ አለቁ። ዛሬ ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፣ የወዲያና የወዲህ ልጆች ተደባልቀው በአንድ ሕግ ይጫወታሉ፣ ግማሾቹም ዱላውን ትተው የጎማ ኳስ ነው የሚያሳድዱት። ደግ ጊዜ ነው፤ ለመሻገር የሚሞት የለም። ግን ደግሞ ማን ምን ከፍሎ እንደተሻገረ የሚጠይቅም የለም።

ከጓሮ ስመለስ የልጅ ልጄ መደቡ ላይ ተዘርግቶ ስለ ጨዋታው ያወራል። ሩሯን በእግሩ ገትቶ ግብ ማስገባቱን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። «እማማ፣ እኛ አገር እግር ከኖኅ ዘመን ጀምሮ የተፈቀደ ነው አሉ» አለኝ።

አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ውሃ አሞቅሁና የእንጨት ገበታ ውስጥ ገልብጬ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ፣ ያን አቧራ የጠጣ እግር ያዝሁ። ልጁ ደንግጦ ሊሸሽ ተነሳ። በኛ አገር ልጅ ያጥባል እንጂ አሮጊት የልጅ እግር አታጥብም።

«ኧረ እማማ፣ ነውር ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት፣ «ይፈቀዳል።»