ቅቤ የሌለው ምሳ

የታሰርኩት ከድንች ጋር ነው። ዶዮገና ከባለቤቴ ወላጆች ዘንድ ግማሽ ጆንያ ድንች ተሸክሜ ሆሳዕና መናኸሪያ እንደወረድኩ ሁለት ፖሊሶች ጠበቁኝ፤ አንዱ እኔን ያዘ፣ ሌላው ጆንያውን። የእኔ ጥፋት በምርጫው ቀን ለተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኜ መቀመጤ ነበር። የድንቹን ጥፋት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ከዚያ ወዲያም አላየሁት።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ነቀዝ የበላው በቆሎ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። በቆርቆሮው በር ላይ ምስማር የተነቀለበት ቀዳዳ ስለነበር፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ ለሚያጮልቅ ሰው የግቢው መግቢያ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በዚያ ቀዳዳ እንጋፋ ነበር።

ከጎኔ የሚተኙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የአንጋጫ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሌላው የካቶሊኮች ክሊኒክ ነርስ ነው፤ እንደ አገራችን ልማድ ዶክተር ይባላል። እኔን ደግሞ መምህር ይሉኛል።

ምግብ ያመጣ ሰው ጥበቃው ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባው። ባለቤቴ መቅመስ ላይ አትታማም ነበር። በቅቤ የራሰውን ቆጮ በጎመንና በአይብ ጠቅልላ፣ ሞልታ ስትጎርስ ጥበቃው እየሳቀ፣ ለባልሽም አትርፊለት እንጂ ይላት ነበር። እኔም ከቀዳዳው ኋላ ሆኜ አብሬ እስቃለሁ። ቀኔ የሚነጋው ያን ጊዜ ነበር።

እየዋለ እያደረ ምሳው ተለወጠ። መጀመሪያ ቅቤው ቀረ፤ ቀጥሎ አይቡ፤ በመጨረሻ የተቀቀለ ድንችና ጨው ብቻ ይመጣልኝ ጀመር። እሷም ስትቀምስ የድንቹን ጫፍ ቆንጥራ ነው። ታዛቢ አትሁን ብላ ለምናኝ እምቢ ብያት ስለነበር፣ ኩርፊያዋን በምሳ ዕቃ የላከችብኝ መሰለኝ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ አንተን መንግሥት አሰረህ፣ ቅቤውን ደግሞ ሚስትህ አሰረችብህ ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። በማግስቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ ለጥበቃው ስመልስ፣ ቅቤ አምሮታል በልልኝ አልኩት።

አመጣችልኝ። ተራ ደርሶኝ ከቀዳዳው ላይ ነበርኩ። ክዳኑን ስትከፍት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ጥበቃው ቅመሺ አላት። ቆንጥራ፣ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰችና አፏን ይዛ ወደ አጥሩ ሮጠች። እዚያ ተንበርክካ ስታስመልስ አየኋት።

ሃምሳ አለቃው ከቢሮው ወጣ። ምን ጨምረሽበት ነው፣ እስረኛው ታሞ ሆስፒታል እንዲወጣልሽ ነው አይደል እያለ ሲጮህ እኛ ድረስ ይሰማል። እሷ በነጠላዋ አፏን ጠረገች። ነገሩ ሳይጣራ ከዚህ ንቅንቅ አትዪም አላት።

ዶክተር ገፋ አድርጎኝ አጮለቀ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሽታ የጠላችው አለኝ። የቅቤውን ነገር ነገርኩት። ወደ እኔ ዞሮ ትከሻዬን ያዘ።

«መምህር፣ ያኮረፈህ ሚስትህ አይደለችም። ልጅህ ነው።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደ ክሊኒኩ አስረዳን። ጽንሱ ገና ባቄላ ቢያክል ነው፤ ልቡ ግን መምታት ጀምሯል፣ እጅና እግሩም እንደ ቡቃያ ብቅ ብቅ እያለ ነው። የእናቱ ሰውነት ለሱ ብሎ ሥራ በዝቶበታል፤ ደሟ ይጨምራል፣ ጡቷ ያማታል፣ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ የወደደችው ሽታ ይከረፋታል። ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ ቆዩና፣ የኔዋ የምትጠላው እኔን ነበር፣ ለካ ምክንያት ነበራት አሉ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል። እንዲህ የደረሰባት ሴት ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ለሰው አይነገርባትም። ይህችን ሴት ሲሚንቶ ላይ ቢያሳድሯትስ?

በሩ ተከፍቶ ተጠራሁ። ሃምሳ አለቃው ምሳ ዕቃውን አስጨበጠኝና ሚስትህ ምን እንዳደረገችበት ተናገር አለኝ። እርጉዝ ናት ብል ምናልባት በዚያው ያበቃ ነበር። ግን ወሬው የእሷ ነው፤ በሰው ፊት፣ በፖሊስ ጣቢያ፣ የእሷን ቃል ቀምቼ መናገር አልሆነልኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። ቆጮውን፣ ጎመኑን፣ ከታች የረጋውን ቅቤ ሳይቀር ቀስ ብዬ በላሁ። ጣቴንም ላስኩ።

ሃምሳ አለቃው አላመነኝም። እስኪታይ እዚሁ ተቀመጥ አለኝ፤ ታምሜ እስክወድቅ ሊጠብቅ ነው። እሷንም ከአጠገቤ አስቀመጣት። ከታሰርኩ ጀምሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም ነበር። በልቤ ሃምሳ አለቃውን መረቅሁት።

ጥበቃው ዞር ሲል፣ ከነገ ጀምሮ ቅቤ አታምጪ፣ ድንች ይበቃኛል አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ማን ነገረህ?»

«ዶክተር አለን።»

«ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ቀዳዳው ላይ ተደራርቦ እያየን ነበር። እሺ አልኳት። ሳልታመም ስቀር ወደ ቤቷ ሰደዷት።

በማግስቱ በሩ ላይ ለጋሼ ምሳ ይዘው የመጡት ባለቤታቸው የእኔን ምሳ ዕቃ ከባለቤቴ እጅ ተቀበሉ። «እኔ እቀምስላታለሁ» አሉት ጥበቃውን፣ እንደ ልጃቸው እየተቆጡት። ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክፈታ ድረስ የቀመሱልን እሳቸው ናቸው። እኔም ድንቼን ያለ ቅቤ በላሁ፤ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ያኔ በሆድ የነበረችው ልጃችን አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታለች። ባለፈው መስቀል ከባሏ ጋር መጣች። እናቷ አታካናውን፣ ያን በቅቤ የሚንሳፈፍ የቡላ ምግብ፣ ከፊቷ አቀረበችላት። ልጄ ፈገግ ለማለት እየሞከረች ፊቷን ወደ ጎን አዞረች። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ። ሰው ሳያይ ሳህኗን ወደ እኔ ሳብኩና ድርሻዋን በላሁላት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞሬ ባለቤቴን ድንች ቀቅይ አልኳት።

ባለቤቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ቆመች። እኔን አየች፣ ልጃችንን አየች፤ ድስቱን ጣደች።