የአይጥ መርዝ ሻጩ ጢም

የአይጥ መርዝ የሚሸጠው ሰውዬ ጢሙን ምላጭ አስነክቶ አያውቅም፤ ሰፈርተኛው «መነኩሴው» እያለ ይቀልድበታል። ገዢ ሲመጣ ከዋጋው በፊት «ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ዛሬ አንዲት ወይዘሮ መርዙን ልትቀበል ጠጋ ስትል ከደረቱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ሰዓት መስሏት የእጁን አንጓ አየች፤ ሰዓት አላሰረም።

«የልቤ በር ነው እታለም፤ በብረት ተተክቷል» አለና ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ዋጠ። «ደም እንዳይረጋበት ነው። ይቺና የምትገዢው መርዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አይጡንም የሚጨርሰው ደሙ አልረጋ ማለቱ ነው።»

«ብትበዛብህስ?»

«ያኔማ አይጥ ሆንኩ!» ብሎ ሳቀና ጢሙን ዳበሰ።

ምላጭ የሚሸሽበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባት። ስሙን ጠርታ ልትሰናበተው ፈለገች፤ ከ«መነኩሴው» ሌላ ግን አታውቅለትም።