ጎማ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ?

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ደብቄያቸዋለሁ። በየጾሙ ትንንሹን ኃጢአቴን ለቃቅሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ይህኛውን ግን እቤት ትቼው። እርስዎ አንባቢዬ ግን አያውቁኝም፣ ቀኖናም አይሰጡኝም። ለእርስዎ መናገር የቀለለኝም ለዚህ ነው፤ ከድሮም ፈሪ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ ጎማ አስራለሁ። ሾፌራችን ጋሽ ወርቁ አንዲት ትንሽ ፊያት ይነዱ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የሚሰጠውም የመኪናዋ ኪሎሜትር እየተነበበ። አንድ ቀን ለፊያቷ አራት አዲስ ጎማ መጣ። እኔ ሌባው አራቱንም ለእህቴ ባል ታክሲ አሰርኩለት። ለጋሽ ወርቁ ደግሞ ከወዳደቀ መኪና የፈታሁትን፣ ከልኳ ከፍም ሰፋም ያለ ጎማ ገጠምኩላቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ትክክለኛውን ቁጥር ጻፍኩ።

ትልቅ ጎማ ምን እንደሚሠራ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ? አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነውና የተሄደውን ያሳንሳል። በዚያ ላይ ይከብዳል። ያቺ ሚጢጢ ሞተር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጣ እያቃሰተች ቤንዚኑን ትምገዋለች። ወረቀት ላይ ሲታይ ታዲያ ኪሎሜትሩ ጥቂት፣ ቤንዚኑ ብዙ።

"አንተ ልጅ፣ ይህቺ መኪና ምን ነካት? እስቲ ጎማዋን እይልኝ" አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

"ጋሼ፣ እግርዎ ከብዶ ነው!" አልኳቸው። ጋራዡ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ "የሰፊውን ሕዝብ ቤንዚን ይሸጣል" ተብለው ስብሰባ ላይ ቆሙ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጓድ፣ ከጎማው ይሆን እንዴ?" አለኝ። ጋሽ ወርቁ በተስፋ አዩኝ። "አዎ" ብል ያበቃ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

"ጎማ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ ጓድ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈርቼ ነው ብዬ ባመካኝ እወድ ነበር። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፤ ሳቁ ግን ጣፈጠኝ! ዛሬም የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው።

ጋሽ ወርቁ ታሰሩ። ሲፈቱ ሥራም መንጃ ፈቃድም የለም። ይህ አልበቃኝ ብሎ "ጋሽ ቤንዚን" የሚል ስም አወጣሁላቸው፤ ፒያሳ ለስም መቼ ትሰንፋለች፣ ወዲያው ተቀበለችኝ። እስኪሞቱ በዚያ ተጠሩ። ቀብራቸው ላይ እንኳ አንዱ "ማን ነው የሞተው?" ሲል፣ "ጋሽ ቤንዚን" ሲባል ሰማሁ። ከአስከሬናቸው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ደግሞ እኮ አለቅሳለሁ! ምን ዓይነት ቆሻሻ ነኝ?

ልጃቸው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት። በቀደም ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ገና ከደጅ ስታየኝ፣ "አባባ፣ ዛሬ ደግሞ በምን ሊያስቁን ነው?" አለችኝ።

አሳቅኋት። ክብሪት ገዝቼ ወጣሁ።

እንግዲህ በጽሑፍ ይሁን። ልጄ፣ አባትሽ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አልሰረቁም። ጎማቸውን የሰረቅሁ እኔ ነኝ። ስማቸውንም የሰረቅሁ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ይህን ካነበብሽ በኋላ ደጅሽ ብመጣ ግን፣ እባክሽ፣ አትሳቂልኝ።