ከመርዶው በፊት የመጣው ተከራይ

ያንን ሰውዬ ዛሬም አልወደውም። በደርግ ጊዜ ግሽ አባይ ሰፈር ከነበረው ግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራይቶ የኖረ፣ ከስሪላንካ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሃይማኖቱ የቡድሃ። ከፋብሪካ ደክሞኝ ስመለስ በረንዳ ላይ ይይዘኝና በተሰባበረ አማርኛው ይጀምረኛል። ኑሮ መከራ ነው፤ መከራውም የሚመጣው የሚያልፈውን ነገር ሙጥኝ ከማለት ነው፤ «እኔ» የምንለውም ሲለዋወጥ የሚኖር እንጂ የሚጨበጥ አይደለም ይለኛል።

«እኔ ከሌለሁ ታዲያ ማንን ነው የምታደርቀው?» አልሁት አንድ ቀን። ሳቀ። ሳቁ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ወንድሜ ሰሜን ጦር ግንባር መሞቱን አብሮት የዘመተ ጓደኛው መጥቶ ነገረኝ። ለእማዬ አልነገርናትም። መርዶ እንዲያው አይነገርም፤ ማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ባለበት ነው። እህቷ ደግሞ ያለችው ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ነው፤ ጀልባው እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። እስከዚያው እማዬ ለልጇ የምትልከውን በሶ ታዘጋጃለች።

«ጨው በቃው? እስቲ ቅመስልኝ» ትለኛለች።

እቀምሳለሁ። «ትንሽ ጨምሪበት» እላለሁ።

የግቢው ሰው ሁሉ ሲሰማ ሰውዬውም ሰማ። መርዶ ተደብቆ እንደሚቆይ ግን ማን ያስረዳዋል? አገሬው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እማዬን ወንፊቷን ይዛ አገኛት፤ አጠገቧ ቁጭ አለና፣ «እማማ፣ ልጅሽ ሞተ። እኔ በጣም አዘንኩ። ሁሉ ያልፋል» አላት።

ጩኸቷን ከመንገድ ሰማሁት። ስደርስ በሶው መሬት ላይ ተበትኗል፤ እሱ እጇን ይዞ ያለቅሳል። ኮሌታውን አንቄ ወደ በሩ ገፋሁት። ያንን ከንቱ ትምህርትህን ይዘህ ጥፋ አልሁት፤ ከዚህ የባሰም ብያለሁ፣ አልጸጸትም።

«ተወው» አለች እማዬ።

«እሱ እኮ ነው እንዲህ ያደረገሽ።»

«ተወው አልሁህ። አንተ መቼ ሰማህ?»

«እህትሽ እስክትመጣ ብለን ነው።»

«ጨው ስታስጨምረኝ ታውቅ ነበር?»

ጎንበስ ብዬ የተበተነውን በሶ መሰብሰብ ጀመርሁ።

አክስቴ በማግሥቱ ደረሰች፤ ለቅሶው በወጉ ተለቀሰ። እማዬ ሰውዬውን አጠገቧ አስቀመጠችው። እኔን እስከ አርባው ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም።

እሱ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። እማዬም አረፈች። ጥያቄዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው። ሁሉ ያልፋል ያለው ሰውዬ እስቲ ይምጣና ያሳልፍልኝ።