ከሥዕሉ ጀርባ የቀባሁት ማስቲሽ

ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ፍሬም ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አብዛኛው ሥራዬ የምርቃት ፎቶ ነው። ፎቶ ብዙም አያስጨንቅም፤ ቢበላሽ እንደገና ይታጠባል። አንድ ቀን ከሸዋ ቤንች የመጡ እናት ግን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኝ በእርሳስ የተሠራ ሥዕል ነበር። እሳቸው ቡና ሲለቅሙ ልጃቸው የሣለቻቸው ነው። ልጅቷ ሞታለች።

"የእጇ ሥራ የቀረኝ ይኼ ብቻ ነው" አሉኝ።

ትክክለኛውን አሠራር አውቀዋለሁ። የስንዴ ዱቄት በውሃ ይፈላል፤ ሲበርድ ስስ የወረቀት ቁራጮች ላይ ይቀባና ሥዕሉ በላይኛው ጠርዙ ብቻ በእነሱ ካርቶኑ ላይ ይያዛል። የዱቄት ሙጫ ውሃ ሲነካው ስለሚለቅ፣ ሥዕሉን ሳይጎዳ ማንሳት ይቻላል። ግን እስኪደርቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ አንስቼ ጀርባውን ሙሉ ቀባሁና ካርቶን ላይ ለጠፍኩት። ቀጥ ብሎ ሲያዩት መረቁኝ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመልሰው መጡ። ማስቲሹ ወረቀቱን ዘልቆ ቢጫ ሆኗል፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን ፊታቸውን ግማሹን ሸፍኖታል።

"ቤቴ ጭስ ይበዛዋል። እኔው ነኝ ያበላሸሁት" አሉ፣ አቀርቅረው።

"ጭስ ለወረቀት ጥሩ አይደለም" አልኳቸው።

ሥዕሉን ትተውልኝ ሄዱ። ለማላቀቅ ሞከርኩ፤ ጥጉ ተቀደደብኝና ተውኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ጠረጴዛዬ ላይ እያየሁት ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሥዕሉን ይዤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸዋ ቤንች ሄድኩ። ሰው ጠይቄ ቤታቸው ስደርስ ደጅ ላይ፣ ካፊያው እየመታቸው፣ እሳት እያነደዱ ነበር። ምድጃውን ከቤት አውጥተውታል።

"እማማ፣ ጭሱ አይደለም" አልኳቸው። "የማይሆን ማስቲሽ ቀብቼበት ነው። ቸኩዬ ነው። ሲመጡም እያወቅኩ ዝም አልኩ።"

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ።

"እህቴ እዚያው ሚዛን ናት" አሉ። "ነገ ይደርሳል ብትዪኝ እሷ ጋ አድር ነበር።"

ሥዕሉን ተቀብለው በነጠላቸው ጠርዝ አበሱት፤ እንዳለ እንደሚሰቅሉትም ነገሩኝ። የምድጃውን ድንጋዮች አብረን ወደ ውስጥ መለስናቸው። ተቀመጪ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም።